«ሰው ይሰማሻል»

ሰዎች የድንገተኛ ክፍል ነርስ መሆኔን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ «እንዴት አይቀፍሽም?» ብለው ነው። ደሙን፣ ትውከቱን፣ መግሉን ማለታቸው ነው። አይቀፈኝም። ቂርቆስ ውስጥ ባለ አንድ ሆስፒታል የዕድሜዬን ግማሽ ሠርቻለሁ፤ የሰው ትውከት ጫማዬ ውስጥ ገብቶ፣ ካልሲዬን ቀይሬ ምሳዬን በልቻለሁ። የሚቀፈኝ ሌላ ነው። በሽተኛው እያጣጣረ፣ ቤተሰቡ ከጎኑ ቆሞ፣ ዓይኑን አፍጥጦ «ኧረ ምንም አልወሰደም» ሲለኝ ነው የሚያቅለሸልሸኝ። እውነቴን ነው የምላችሁ። ባልደረቦቼ ቁጡ ነሽ ይሉኛል። ይበሉ። እነሱ አጎታቸውን በዚህ አላጡም።

አጎቴ ያሳደገኝ ሰው ነው። እናቴ ስትሞት ከአገር ቤት አምጥቶ ካዛንቺስ ቤቱ ከልጁ ጋር ቀላቀለኝ፤ ከልጁ ጋር በአንድ አልጋ እየተኛን፣ በአንድ ሳህን እየበላን ነው ያደግነው። ላንቻ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ነበረው። ደረተ ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሳቁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነበር። ሰው ይወደዋል፤ እሱም መወደድ ይወዳል። ነርስ ሆኜ ስመረቅ ነጩን ጋውን አስለብሶ ሱቁ ድረስ ወሰደኝና ለጎረቤት ነጋዴዎች ሁሉ «የኔ ሲስተር ይቻት!» እያለ አዞረኝ። አፍሬ ልሞት ነበር፣ ግን ደስም ብሎኛል። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። እወደዋለሁ፤ አሁንም እየወደድኩት ነው የምናደደው።

አንድ ነገሩ ግን አይጣል ነው። ጥሬ ሥጋ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ካዛንቺስ ከአንድ ሥጋ ቤት ቀኑን ሙሉ አይጠፋም። የተሰቀለው ሥጋ ሥር ወንበር ይዞ፣ ቢላውን በከንፈሩ አጠገብ ሽው እያደረገ፣ ነጭ ሽንጡን በአዋዜ እየነከረ ሲውጠው፣ ሥጋው ገና ለብ ያለ፣ አልፎ አልፎም የሚነዝር ነው። እኔን በልጅነቴ ይዞኝ ሄዶ በግድ ያጎርሰኝ ነበር። አላላምጠውም፣ ጉንጬ ውስጥ ይዤው ቆይቼ ውጪ ወጥቼ እተፋዋለሁ። ጨዋ ልጅ ጉርሻ አይተፋም ብሎ አንድ ቀን በሰው ፊት ተቆጣኝ። ከዚያ በኋላ መዋጥ ተማርኩ። ዛሬ ቁርጥ የሚበላበት ጠረጴዛ አጠገብ መቀመጥ አልችልም፤ የቢላውና የስቡ ሽታ ራሱ ያጥወለውለኛል።

ሃምሳ ዓመት ከዘለለ በኋላ ልቡ ታመመ። እግሩ አበጠ፣ ደረጃ መውጣት አቃተው። እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ተመርምሮ ልብህ ሰፍቷል ተባለ፤ ሽንት በብዛት የሚያስወጣ ኪኒን ተሰጠው። ኪኒኑን አንዲት ቀን አያጓድልም፣ ምክንያቱም እኔ ፊቱ ቆሜ ነው የማስውጠው። ሐኪሙ ያኔ አስቀምጦ አስረዳው። ይህ ኪኒን ውኃውን ሲያወጣ የሰውነትን ጨው አብሮ ያወጣል፤ ልብ ደግሞ የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፣ ኤሌክትሪኩም የሚያልፈው በነዚያ ጨዎች ነው፤ ስለዚህ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎት ዛሬ ነገ ሳይሉ ይምጡ፣ የሚያስቀምጥ መድኃኒትማ በጭራሽ እንዳይወስዱ አለው። ጋሼ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ሲወጣ፣ «ጎበዝ ልጅ ነው» አለኝ ስለ ሐኪሙ። ያን ጊዜ አምኜው ነበር።

ነገሩ የሆነው በበዓለ ሃምሳ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ነው። ያን ሰሞን ቤታችን ሽር ጉድ ነበር። የአጎቴን ልጅ፣ ያቺን አብራኝ ያደገችውን፣ የወሎ ሰፈር ልጅ ሊያገባት ሽማግሌ ልኮ ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ መጥተው እንደ ወጉ ተመልሰዋል፤ ሦስተኛው ቀን የሚቀጥለው እሁድ ነው ተብሎ ተቆርጧል። እኔም ለሚቀጥለው እሁድ ፈቃድ ጠይቄ፣ ያን እሁድ ተረኛ ሆኜ ገብቻለሁ። ሥራ የበዛበት ቀን አልነበረም። የታጠቡ ሲሪንጅ ማስቀመጫዎችን እያደረቅሁ ሳለ በር ላይ የመኪና ክላክስ ሳያቋርጥ ጮኸ።

ወጣሁ። የማላውቃት ነጭ መኪና ናት። ከፊት ሁለት ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች፣ ከኋላ አንድ ሌላ ሽማግሌ፣ ከእሱ አጠገብ የአጎቴ ሚስት። ጋሼ ጭንቅላቱ ጭኗ ላይ ነው። ጥቁር ሱፉን ለብሷል፣ ክራቫቱን አስሯል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። የአጎቴ ሚስት ነጠላዋን ከሥሩ አንጥፋለታለች። ያን ያደረገችው የሰው መኪና እንዳይበላሽ መሆኑ የገባኝ በኋላ ነው። «እንግዳ ፊት ቁጭ ብሎ ወደቀ» አለችኝ፣ «እያወራ ነበር፣ በቃ ወደቀ።»

አልጋ ላይ አውጥተን ማሽኑን ስናገናኝ የዕለቱ ሐኪም ደረሰ። ወጣት ነው፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ፣ ግን እጁ የማይንቀጠቀጥ። ጤነኛ ልብ ማሽኑ ላይ ስትታይ ወጣ ገባ እያለች በሥርዓት ነው የምትሄደው። የጋሼ ልብ ግን ሥርዓቷን ጥላለች። መስመሩ ወፍሮ፣ እየገዘፈ እየቀጠነ፣ እንደ ልጃገረድ የፀጉር ጥብጣብ ራሱን እየጠመዘዘ ይሮጣል። እንዲህ ስትሮጥ ልብ ደም አትረጭም፤ ትርገበገባለች እንጂ አትሠራም። በደቂቃዎች ውስጥ ካልቆመ ሰውየው ሬሳ ነው። ሐኪሙ አላመነታም፣ በኤሌክትሪክ መታት። ጋሼ አልጋው ላይ ዘለለ። መስመሩ ተስተካከለ፣ ዓይኑን ገለጠ፣ እኔን አየኝ። እፎይ ሳልል መስመሩ እንደገና ተጠማዘዘ። እንደገና መታት። እንደገና ተመለሰ። እንደገና ጠፋ።

አንድ ጊዜ መጥፋት ያስደነግጣል፣ ግን ይታከማል። እየተመለሰ ሲጠፋ ግን አንድ ነገር ሰውነቱ ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ያን ነገር ካላገኘህ ስትመታው ውለህ ስትመታው ታመሻለህ። ሐኪሙ ይህን ያውቃል። መጋረጃውን ገልጦ ሽማግሌዎቹ መሀል የቆመችውን የአጎቴን ሚስት ጠየቃት። ተቅማጥ ነበረው? አልነበረውም። ትውከትስ? የለም። ከሚወስደው ኪኒን ሌላ የዋጠው ነገር አለ? ኧረ ምንም። የአበሻ መድኃኒትስ? አንገቷን ቀና አድርጋ፣ እንደ ተሰደበች ሆና፣ እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም አለች። እሷ ለኔ እናት ናት። ዋሽታኝ አታውቅም። ስለዚህ እኔም ለሐኪሙ፣ እሷ ካለች እውነት ነው አልኩት።

የደም ጨው የሚመረምረው ላቦራቶሪ እሁድ አይሠራም። ደሙን ቀድተን ሜክሲኮ አካባቢ ወዳለ ሌላ ላቦራቶሪ በታክሲ ላክን፤ ውጤቱ እስኪመጣ ጋሼ እንደማይቆይ ሁላችንም እናውቃለን። ሐኪሙ እንዲህ ላለ ልብ ብዙውን ጊዜ የምንሰጠውን መድኃኒት በሲሪንጅ መሳብ ጀመረ። ጋሼ በዚያን ሰዓት ነፍሱን አያውቅም። ሱሪው ረጥቧል፣ ይሸታል። ይህ ብርቅ አይደለም፤ ልብ ስትቆም ሰው ሁሉን ይለቃል። ሽታው ስለከበደኝ ሳይሆን ገላው እንዳይላላጥ ብዬ መቀሱን አነሳሁና ያን የሚያምር የሱፍ ሱሪ ከታች እስከ ላይ ቀደድኩት።

ከሱሪው ሥር ሌላ ሱሪ አለ። ከሁለተኛው ሱሪ ሥር የተጣጠፈ አሮጌ አንሶላ በሽንት ጨርቅ ዓይነት ታስሮለታል። አንሶላውን ስፈታው ውኃ የመሰለ፣ ቀይ ቡናማ ተቅማጥ ነው። እሱ ላይ ነጫጭ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ተቆራረጠ ፓስታ ያለ ነገር። አንዱ ይንቀሳቀሳል።

ያን ቀን ቀፈፈኝ። እስከዚያ ቀን ያልቀፈፈኝ ሁሉ አንድ ላይ ተጠራቅሞ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። ትሉ አይደለም፤ ትል አይቻለሁ። ያ አንሶላ ነው የቀፈፈኝ። አንድ ሰው አስቦበት፣ አጣጥፎ፣ አስሮ፣ ከላዩ ሱፍ አልብሶ፣ ክራቫት አስሮ እንግዳ ፊት እንዳስቀመጠው ገባኝ። የኮሶ ትል ነው። ጋሼ ኮሶ ጠጥቷል።

ልጅ ሳለሁ ጋሼ በየሁለት በየሦስት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ያን ቀን የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ይዘጋል፣ እኛም ድምፅ እንዳናሰማ እንታዘዛለን። ኮሶ የጠጣ ሰው ባዕድ ዓይን ሊያየው አይገባም፣ ጥላ ይወጋዋል ይባላል፤ የመጣ ሁሉ «የለም፣ ወጥቷል» ተብሎ ይመለሳል። እሱ በጓሮ በኩል ሽንት ቤት ይመላለሳል፤ እኛ ልጆቹ ድምፁን እየሰማን በትራስ አፋችንን ይዘን እንስቃለን። ማታ ላይ ገርጥቶ፣ ፊቱ ተጨማዶ ይወጣና ለማሻሪያ የተሠራለትን ዶሮ ይበላል። ከታመመ በኋላ ግን የትል ኪኒን እኔው አመጣለታለሁ፤ ኮሶውማ ድሮ ቀረ ብሎኝ ነበር። ለካ ለጓደኞቹ፣ ኪኒኑ ትሉን ያፈዘዋል እንጂ አይነቅለውም ይላል።

«ዶክተር፣ ቆይ» አልኩትና መጋረጃውን ገለጥኩ። እጄ እንደ ቆሸሸ ነው። የአጎቴ ሚስት ሦስቱ ሽማግሌዎች አጠገብ ቆማለች።

«እትዬ፣ ጋሼ ኮሶ ጠጥቷል?»

መጀመሪያ እጄን አየች። ቀጥላ ሽማግሌዎቹን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ተጠግታ፣ ጥርሷን ሳትገልጥ፣ በሹክሹክታ፣ «በእመቤቴ ዝም በይ፣ ሰው ይሰማሻል» አለችኝ።

እንዲህ ነው ያለችው። ባሏ ከመጋረጃው ወዲያ በየደቂቃው እየሞተ ነው፣ እሷ ሰው ይሰማል ትለኛለች። እንደዚያ ጮኬ አላውቅም። ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም ብዬ ጮህኩባት፣ ኮሪደሩ በሙሉ ዞር አለ፣ ከወዲያ ጫፍ የነበረው ዘበኛ ሳይቀር ብድግ አለ። የአጎቴ ሚስት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ጠዋት ነው» አለች፣ «ሳይነጋ።»

ሐኪሙ መጋረጃው ውስጥ ሆኖ ሰምቷል። ሲሪንጁን አስቀመጠው። በኋላ ሲነግረኝ፣ ያ ሊወጋው የነበረው መድኃኒት ጨው ላጣ ልብ እሳት ላይ ቤንዚን ማፍሰስ ማለት ነው፤ ሌላውን ሕመም የሚያስታግሰውን ያህል ይህን ያባብሰዋል። አሁን የሚያስፈልገው ማግኒዥየም ነው አለ፣ ቀጥሎም ፖታሺየም፣ ቀስ ተብሎ። ማግኒዥየም ደግሞ ያኔ እኛ ክፍል አይቀመጥም፤ ደም ግፊት ኖሯቸው ለሚንቀጠቀጡ ነፍሰ ጡሮች ስለሚሰጥ ማዋለጃ ክፍል ነው ያለው። ግቢውን አቋርጬ ሮጥኩ። አዋላጇ ስታየኝ ደንግጣ የትኛዋ እናት ናት የተንቀጠቀጠችው አለችኝ። ወንድ ነው አልኳት። እያፈጠጠችብኝ ሰጠችኝ።

ማግኒዥየሙ ገብቶ ሳያልቅ መስመሩ ለቀቅ አለ። መጠማዘዙን ተወ፣ ወጣ ገባ ማለት ጀመረ። ለማመን እየፈራን፣ እጃችንን የኤሌክትሪኩ መምቻ ላይ እንዳደረግን ቆመን አየነው። አልጠፋም። ፖታሺየሙ በጨው ውኃ ውስጥ ጠብ ጠብ እያለ እስከ ማታ ገባለት። ከሜክሲኮ የመጣው ውጤትም የሐኪሙን ግምት እንዳለ አረጋገጠ፤ ሰውነቱ ውስጥ ጨው የሚባል ተሟጧል።

የአጎቴ ሚስት ግድግዳ ተደግፋ እያለቀሰች የጠዋቱን ሁሉ ዘረገፈችልኝ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት የሚቀጥለው እሁድ ስለሆነ ጋሼ ከፋሲካ ጀምሮ ሲበላው የከረመውን ጥሬ ሥጋ ዛሬ ልጠበው ብሎ ኮሶውን ሳይነጋ ጠጣ። መሥራት ሲጀምር በር ተንኳኳ። ለካ ከሽማግሌዎቹ አንዱ አገር ቤት የሚሄድበት ጉዳይ ገጥሞት ቀኑን አሳጥረው፣ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ መጥተዋል። የለም ብሎ ሽማግሌን ለሦስተኛ ጊዜ መመለስ ልጄን አልሰጥም ማለት ነው። ታሟል ማለትም አማች ሊሆን የመጣን ሰው ማስበርገግ ነው። ኮሶ ጠጥቷል ማለት ደግሞ ሞት ነው፤ ልጃቸውን ለትላም ቤት ሊሰጡ ነው ይባላል። ስለዚህ አንሶላው ተጣጠፈ። ሁለት ሱሪ ተደረበ። ጋሼ ወጥቶ እየሳቀ ጨበጣቸው፣ ቁጭ ብሎ ወግ ጀመረ፣ ላቡ በጆሮ ግንዱ እየወረደ እንኳ «ሙቀቱ ዛሬ በዛ» ይላቸው ነበር አለች። ልጃችንን ሰጥተናል የሚለውን ተናግሮ ሳይጨርስ ወደቀ።

ስትነግረኝ ላቅፋትም ላንቃትም አማረኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስትል ያደግኩት ከእሷው አፍ ነው። ሰው የሚተርተውን ተረት ራሱ አይሰማውም።

አሁን የባሰው ይመጣል። ከሽማግሌዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት፣ መኪናዋ የእሳቸው ነች፣ ወደ እኔ መጡ። ስቅቅ ብዬ ስለ መቀመጫው ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። እሳቸው ግን ከንፈራቸውን መጠጡና፣ «ምን ነበር ቢነግሩን? እኔ ራሴ ከጾሙ በፊት አይደለም የጠጣሁት?» አሉ። ሌላኛው ሽማግሌም ራሱን ነቀነቀ። እሱም ኮሶ ጠጪ ነው፣ ሦስተኛውም። ሦስቱም ሥጋ የሚበሉ፣ ሦስቱም ትል ያለባቸው፣ ሦስቱም መጋረጃ ዘግተው ጓሮ የሚመላለሱ ሰዎች ናቸው። ጋሼ ሊሞት የነበረው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነገር ከሁሉም ሰው ለመደበቅ ነው። ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ በኋላ ሽንት ቤት ገብቼ አስመለስኩ።

ጋሼ ነፍሱን ሲያውቅ አጠገቡ ነበርኩ። ግንባሩን ጠረግኩለት። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሽማግሌዎቹ የት እንዳሉ ነው። ውጪ ሆነው ማርያምን እየለመኑልህ ነው፣ ልጅህንም ተቀብለዋል፣ ሁሉም ደህና ነው አልኩት። አላረካውም።

«ምን አልሻቸው?»

ለመዋሸት ደክሞኝ ነበር፤ ብችልም አልዋሽም ነበር። ኮሶውን ሰምተዋል፣ ማንም ምንም አላለም፣ አዛውንቱ ራሳቸው ጠጪ ናቸው አልኩት። ጋሼ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ደክሞት መስሎኝ ብርድ ልብሱን አስተካክዬለት ወጣሁ።

ሐኪሙ ሲያሰናብተው ሁለተኛ ኮሶ ባፍዎ እንዳይዞር ብሎ አጥብቆ ነገረው፣ ለሚስቱም ለልጁም ደግሞ ነገራቸው። በዚያው ሳምንት ማግኒዥየም እኛ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥም እንዲቀመጥ አስደረገ። ጋሼ ሐኪሙን መረቀው፣ እጁን ሳመው። እኔን ግን ቀና ብሎ አላየኝም። ቤት ስሄድ ዜና ያያል። ሳወራው በሚስቱ በኩል ነው የሚመልስልኝ፤ «ንገሪያት፣ ኪኒኔን ውጫለሁ» ይላታል፣ እኔ ፊቱ ቁጭ ብዬ። ለዘመድ ሁሉ፣ ያሳደግኳት ልጅ በአማቾቼ ፊት ሱሪዬን አወለቀችኝ ብሎ እንደሚያወራ ሰማሁ። ነፍሱን ስለመመለሳችን የተነፈሰው የለም።

ሠርጉ ሲደርስ አብራኝ ያደገችው ልጅ እያለቀሰች መጥታ የጥሪ ካርድ ሰጠችኝ። ካርድ! ለእኔ! የቤት ልጅ በካርድ አይጠራም፤ የቤት ልጅ ከሳምንት በፊት ጀምሮ ጉድ ጉድ ስትል ነው የምትገኘው። አባዬ ነው አለችኝ፣ እንደ እንግዳ መጥታ እንደ እንግዳ ትሂድ አለ። ሄድኩ። ከበሩ አጠገብ፣ ከሱቁ ደንበኞች ጋር ተቀመጥኩ። ድንኳኑ ጥግ በሬው ተሰቅሏል። ጋሼ ሱፍ ለብሶ፣ አበባ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ቢላውን ይዞ ከነዚያ ሽማግሌዎች ጋር እየተጎራረሰ ይስቃል። ስቡ አገጩ ላይ ያብረቀርቃል። ያን ማየት አቅቶኝ ሙሽሮቹ ሳይገቡ ተነስቼ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻለኛል። በሚቀጥለው ዓመት፣ ጾም ሊገባ ሰሞን፣ ሥራ ላይ እያለሁ ስልክ ተደወለልኝ። አብራኝ ያደገችው ልጅ ናት። ማውራት አልቻለችም፤ ለቅሶዋን ሰማሁት። ጋሼ ከከተማው ወዲያ ጫፍ አንድ ሆስፒታል በር ላይ ሲደርሱ ሞቶ አገኙት። ከካዛንቺስ ተነስቶ እዚያ ለመድረስ የእኛን በር ማለፍ ግድ ነው። ከቤታቸው እስከ እኛ ድረስ በመኪና ሩብ ሰዓት አይፈጅም። ጋውኔን ሳላወልቅ ሄድኩ። አስከሬኑን ገልጬ ስላየሁ ማንም መንገር አላስፈለገኝም። ያው ቀይ ቡናማ ነው፣ ያው ሽታ። ሐኪሞቹ ምን ነክቶት ነው ሲሉ ቤተሰቡ ድንጋጤ ነው ብሏል።

ለቅሶው ላይ ሰው ሁሉ ልብ ነው፣ ልብ ነው ይላል። ሽማግሌዎቹም መጥተው ደረታቸውን መቱ። እኔም አለቀስኩ፣ ንዴቱና ለቅሶው ግን ተደባልቆብኝ የትኛው የትኛው እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኮሶውን ማን እንደበጠበጠለት፣ ማን በሩን እንደዘጋለት ሁሉም ያውቃል፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው እርስ በርሱ እየተያየ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ነው የሚቀፈኝ።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ የአጎቴን ሚስት ጓዳ ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ልቆጣት አስቤ አልነበረም። ለምን ወደ እኔ አላመጣችሁትም ብቻ አልኳት። በራችን ላይ አይደል ያለፋችሁት?

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«በራችሁ ላይ ቆመን ነበር» አለችኝ። «ነፍሱን ያውቅ ነበር። ሊያወርዱት ሲሉ እጄን ያዘኝና፣ ‹እሷ ጋ አታግቡኝ፣ ለሰው ታሰማብኛለች› አለኝ። ምን ላድርግ ልጄ? ባሌ ነው። እለፍ አልኩት ለሾፌሩ።»

ያን ጠዋት ተረኛ ነበርኩ። አንድም በሽተኛ አልነበረንም። ሐኪሙና እኔ ሥራ ፈተን፣ በሩን በሰፊው ከፍተን፣ ፀሐይ እየሞቅን ተቀምጠን ነበር።